አያቴ ፀሐይ የዘጉበት በጋ

ባለፈው ጥር ለለቅሶ ወደ አገር ቤት ስወርድ አውቶቡሱ ሸዋ ሮቢት ላይ ለምሳ ቆመ። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ የሶላር ሳህን በድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ በላዩ ላይ ደግሞ አንድ ሰው የታጠበ ጋቢ አስጥቶበታል። ጠጋ ስል የጋለ መስታወትና የእርጥብ ጥጥ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን መታኝ። በስንት ዘመኔ! እግሬ እዚያው ተተከለ።

ባለሱቁ ከውስጥ እየሮጠ ወጣና ጋቢውን ገፈፈው። «አንቺ ሴትዮ! ፀሐዩን ዘጋሽው እኮ! ስልኩ በምን ሊሞላ ነው?» ብሎ ወደ ጓሮ ጮኸ። ሚስቱም ከጓሮ «ታዲያ ጋቢህን ጨረቃ ላይ ላስጣልህ?» ስትል መለሰችለት። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሰውየው በእሱ የሳቅሁ መስሎት ፊቱን አጠቆረብኝ። ምን ላድርግ? ፀሐይ መዝጋት የእኛ ቤት ሙያ ነው ብል ማን ያምነኛል?

መንደራችን ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ ቀወት ቆላ ውስጥ ነው። አያቴ ጋሼ ሰይድ የውኃ አባት ነበሩ። የውኃ አባት ማለት የመስኖውን ተራ የሚዳኝ ሰው ነው፤ አገር መርጦት፣ ዱዓ ተደርጎለት የሚሾም። ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ተራውን በጥላው ይለኩ ነበር። ጥላው ምልክቱ ጋ ሲደርስ «በቃህ» ካሉ በቃህ ነው፤ የማሳህ ግማሽ ደረቅ ቢሆንም ትለቃለህ። ያለ ተራው የሚያጠጣ ካገኙ ደግሞ ቦዩን በጭቃና በሣር ይደፍኑበታል። እሳቸው የደፈኑትን ከእሳቸው በቀር ማንም አይከፍትም። የወንድማቸው ማሳ ቢሆን፣ የቃዲው ማሳ ቢሆን አይከፈትም። ከሁሉ በላይ አንዲት ሕግ ነበረቻቸው፤ እኔ ከፊደል በፊት ነው የሸመደድኳት፦ ቦይ ያለፈበት መሬት ሳይጠጣ አይታለፍም።

ምን ዋጋ አለው፣ እኔ ነፍስ ሳውቅ ውኃው የለም። ከክፉው ድርቅ ወዲህ ወንዛችን በበጋ አሸዋ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ቦዮቹ ውስጥ ፍየል ይተኛባቸዋል። አያቴ ግን ሹመታቸውን አልጣሉም። ጠዋት ጠዋት ዱላቸውን ይዘው ደረቁን ቦይ ከላይ እስከ ታች ይወርዱታል፤ የወደቀ ድንጋይ ያነሣሉ፣ የበቀለ እሾህ ይነቅላሉ። የመንደሩ ልጆች «ውኃ የሌለው የውኃ አባት!» እያሉ ከኋላቸው ይከተላሉ። እሳቸው ዘወር ብለው አያዩም። እኔ ግን ዘወር እል ነበር። ወላሂ፣ የኔን ድንጋይ ምልክት ግንባሩ ላይ ይዞ የሚዞር ሰው ዛሬም አይጠፋም። እናቴ ዘይነባ «ይቺ ልጅ ወንድ ሆና ብትፈጠር አገር ያልቅ ነበር» ትል ነበር።

አያቴ ፀሐይ በዘጉበት ዓመት ማሽላው ተወቅቶ ገለባው ገና ሳይነሣ፣ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና እየተንገጫገጨ መጥቶ አውድማችን ላይ ቆመ። ዘመኑ ደርግ ነው። መኪና ከመጣ ወይ ለጦር ሊመለምል ነው ወይ ለሰፈራ ሊጭን ነው፤ ስለዚህ ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ወደ ቁጥቋጦው ሾለከ። እኛ ልጆቹ ግን ከበብነው። ከመኪናው የወረደው የእንጨት ሣጥን ነበር፤ ሣጥኑ ሲፈለጥ በውስጡ ሰማያዊ መስታወት ተገኘ። ሌላም ሣጥን፣ ሌላም መስታወት። ጎረምሶቹ የሚወሰደው ሰው አለመሆኑ ሲገባቸው፣ ልብሳቸው ላይ የተጣበቀውን ጭጎጎት እየነቀሉ አንድ በአንድ ተመለሱ።

መስታወቶቹ በብረት እግር ላይ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተደረደሩ። አውድማችንን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት። እኔ መንግሥት በአውሮፕላን ሲያልፍ ፊቱን የሚያይበት ነው ብዬ ለልጆቹ ሁሉ አስረዳሁ፤ አመኑኝም። ከአጠገቡ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ። ደረጄ የሚባል፣ ጸጉሩን ያጎፈረ ወጣት ባለሙያ ሽቦውን ቀጣጥሎ ሲጨርስ፣ ነዳጅ የለ፣ ጭስ የለ፣ ሞተሩ ጉድጓዱ ውስጥ እምምም ማለት ጀመረ። «በፀሐይ ነው የሚሠራው» አለን። የወረዳው ካድሬ ጓድ ታምሩ ደግሞ ሰብስቦን ይህ ሁሉ ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም እንደሆነ ነገረን። ሰፊው ሕዝብ እኛ መስለነው አጨበጨብን።

ውኃው ግን ለእኛ አልነበረም። ቧንቧው ከአውድማው ተነሥቶ፣ የአጥራችንን ሥር ታክኮ፣ ኮረብታውን ዞሮ ወደ መንግሥት እርሻው የችግኝ ጣቢያ ሄደ። የሎሚና የብርቱካን ችግኝ ሊጠጣው። ለሰው አንዲት ጠብታ የሚያወጣ ቀዳዳ የለበትም። «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው» አሉ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ። እትዬ አስካለ የመንደራችን ክርስቲያን ናቸው፤ አፋቸው ግን ሃይማኖት አይለይም፣ ለሁሉም እኩል ነው።

እኔ ከሌሎቹ ሴቶች ልጆች ጋር እንደ ወትሮዬ ወደ አሸዋው እወርዳለሁ። አሸዋውን በእጅ እስከ ክንድ መቆፈር ነው፤ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ይርሳል፣ ከዚያ ውኃው እየተለመነ ይመጣል። በቅል እየጨለፍን የእርዳታ ዘይት በመጣበት ቆርቆሮ እናጠራቅማለን። ፍየል ፍየል ይሸታል። ስንመለስ መንገዳችን በቧንቧው ዳር ነው። ያ ሁሉ ሐሩር ባለበት አገር ቧንቧው ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ሸክማችንን አውርደን ጉንጫችንን እንለጥፍበታለን፣ ሆዳችንን እንለጥፍበታለን። ጆሮ ሲጣልበት ሽሽሽ ይላል። ውኃው እኛን ለማየት አፍሮ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር።

መንደሩ ግን ከውኃው ይልቅ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። የተሰጣው በርበሬ ዘንድሮ ለመድረቅ ዘገየ። የውኃ ሰው አስተሳሰቡ አንድ ነው፦ ላይ የተጠለፈ ነገር ታች መጉደሉ አይቀርም። ታዲያ መስታወቱ ያን ያህል ፀሐይ ላይ ጠልፎ ካስቀረ፣ ታች ላለው ማሳ ምን ይተርፋል? ነገሩን ላጣራው ተነሣሁ። አንድ አሮጌ ሻሽ ለሁለት ቀደድኩና ነከርኩት። ግማሹን እኛ አጥር ላይ፣ ግማሹን ከመስታወቶቹ ዘንድ አሰጣሁት። ደረጄ እንዳያየኝ ብዬ መስታወቱ ሥር ነው ያስገባሁት። የአጥሩ ወዲያው ደረቀ። የመስታወቱ ሥር ግን ቆይቼ ሳየውም ርሶ ተኝቷል።

«አባባ! ፀሐያችንን እየጠለፉት ነው!» ብዬ ሁለቱን ቁራጭ ይዤ በረርኩ።

አያቴ እርጥቡን ቁራጭ ተቀብለው ጨመቁት። አልሳቁብኝም። ጥላ ሥር እንዳሰጣሁት ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው፣ አላህ ይወቅ፤ ብቻ ዱላቸውን አንሥተው ወደ ደረጄ ሄዱ፣ እኔም ተከተልኩ።

«ልጄ፣ ይኼ መስታወት ፀሐይዋን ሲጠልፋት ለታችኛው ማሳ አትጎድልም?» አሉት።

ደረጄ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ ግን አልነበረም። «አይ አባት፣ ፀሐይ አትጎድልም። አገሩን ሁሉ መስታወት ብናለብሰው አታልቅም።»

«አታልቅም?»

«በፍጹም!»

«የማታልቅ ከሆነች፣ ታዲያ ለእኛ ስትሆን ምን አሳሳችሁ?»

ደረጄ «እኔ ሠራተኛ ነኝ አባት፤ ቧንቧው የት ይሂድ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለ። አያቴ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። በእሱ ላይ ቂም አልያዙም።

ቂም የያዙት በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። ጓድ ታምሩ ንግግሩን ጨርሶ «ጥያቄ ያለው?» ሲል፣ ማንም የማይጠይቅበት ዘመን ነበርና ተነሥቶ ሊሄድ ወረቀቱን ሰበሰበ። አያቴ ቆሙ። እናቴ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘች፤ የእሳቸውን መያዝ ስላልቻለች ይመስለኛል።

«ውኃው በደጃችን ያልፋል፤ ልጆቻችን አሸዋ ይጭራሉ። ቦይ ያለፈበት መሬት ሳይጠጣ አይታለፍም» አሉ።

«ውኃው የመንግሥት ነው። ፕላን አለው» አለ ጓድ ታምሩ።

«ውኃውስ ይሁን። ከመሬት ሆድ ነው የወጣው፤ መሬት የመንግሥት ነው ብላችሁናል። ፀሐይዋስ? አውድማችን ላይ የምትወርደው ፀሐይ የማን ናት?»

ሰው አጉረመረመ። ጓድ ታምሩ ነገሩን በቀልድ ሊያልፈው ፈለገ። «አባት፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰሙም እንዴ?»

«እሱንማ ከአባቴ ሰምቻለሁ። ግን ሰማዩን እናንተ አረሳችሁት። ንጉሡንም እናንተው አወረዳችሁት። ታዲያ እኔን ከመክሰስ የሚያግደኝ ምን ቀረ?»

ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ሳቀ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቦታ፣ በካድሬ ፊት! እትዬ አስካለማ ሳቁ ጥሏቸው ሰው ላይ ተደገፉ። የጓድ ታምሩ ጆሮ ሲቀላ አየሁት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላቴን በድንጋይ መምታት ትቼ በምላስ መምታት መለማመድ ጀመርኩ፤ ሙያው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

«እስከ ጁምዓ ካላጠጣችሁን ቦዩን እዘጋለሁ» አሉ አያቴ ሲጨርሱ። የትኛውን ቦይ እንደሆነ ግን ማንም አልገባውም። በውኃ ሕግ ሳያስጠነቅቁ መድፈን ነውር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ማስጠንቀቃቸው ነበር።

ጁምዓ አለፈ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ አያቴ ወደ አውድማው ሄዱ፤ የመንደሩ ሴቶች ለወሬ ተከተሏቸው። «ቦይ የሚደፈነው በጭቃ ነበር። ይኼን በጭቃ ብደፍነው ግን መስታወቱ ይበላሻል፤ የሰው ንብረት አናበላሽም። ጨርቅ ስጡኝ» አሉ። መጀመሪያ የራሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው አንዱን መስታወት አለበሱት። ቀጥላ እናቴ ነጠላዋን ዘረጋች። ከዚያማ ማን ይቁም! ሽርጥ መጣ፣ ቡልኮ መጣ፣ የሕፃን ማዘያ መጣ። እትዬ አስካለ ወደ ቤታቸው ሮጠው ባለ ጥበብ ቀሚሳቸውን ይዘው ተመለሱ። «ለጥምቀት የማስቀምጠው ነው። ለዚህ ያልሆነ ለምን ሊሆን ነው?» እያሉ ጥልፉን ወደ ውጭ አድርገው ዘረጉት፤ መድፈንም ቢሆን ባማረ ልብስ ነው።

መስታወቱ ግሎ ስለነበር ከልብሱ ሁሉ ሽታ ተነሣ፤ የላብ፣ የቅቤ፣ የሕፃን፣ የሣጥን። የሞተሩ ድምፅ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደና ዝም አለ። እኔ ሮጬ ቧንቧው ላይ ጆሮዬን ጣልኩ። ምንም የለም።

«ዘጋነው!» ብዬ ጮኽኩ። እልልታው ቀለጠ።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ታምሩ በመኪና ደረሰ። «ይኼ አሻጥር ነው! የዚህ ጠንሳሽ ማነው?» አያቴ «እኔ ነኝ፤ አስጠንቅቄህ ነበር» አሉ። መኪናው ላይ እንዲወጡ አዘዘ። እጄ መሬት ወርዶ ድንጋይ ጨብጦ ነበር፤ እናቴ አንጓዬን ይዛ «አንዲት ድንጋይ ብትወረውሪ እሱ የፈለገውን ሰጠሽው» አለችኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። አያቴ ዱላቸውን ይዘው ከኋላ ወጡ። ያሉት ይኼን ብቻ ነው፦ «እንዳትከፍቱ። እንዳታበላሹም።»

ጓድ ታምሩ ለሚሊሺያው አለቃ ለመሐመድ ልብሱን እንዲያነሣ ትእዛዝ ሰጠ። መሐመድ የመንደራችን ልጅ ነው። ጠብመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጓድ፣ በሰው ሚስት ልብስ ላይ እጄን አላሳርፍም።»

«እሺ፣ የራስህን ሚስት ልብስ አንሣና ጀምር!»

«የኔዋማ ከሁሉም ትብሳለች፣ ጓድ።»

ጓድ ታምሩ ተናዶ የእናቴን ነጠላ ራሱ ገፈፈው። እናቴ ከእጁ ተቀብላ፣ አራግፋ፣ መልሳ ዘረጋችው። ሌላውን ገፈፈ፤ የሌላዋም ባለቤት መልሳ ዘረጋች። ሴቱ ሁሉ ያለ ጩኸት፣ ያለ ስድብ ቆሞ ያየዋል። ሰው ብቻውን ስንት ልብስ ይገፍፋል? ላቡን ጠርጎ መኪናው ውስጥ ገባና አያቴን ይዞ ሄደ።

ያ ሳምንት ከድርቁም ይልቅ ረዘመብኝ። በዚያ ዘመን በመኪና የሄደ ሁሉ አይመለስም፤ ይኼን ልጅም ያውቀዋል። ሴቶቹ ግን አውድማውን አልለቀቁም፤ እንደ ውኃው ተራ ገብተው ይጠብቁ ነበር፣ አንዷ ስትነሣ ሌላዋ ትቀመጣለች። «ልብሳችንን እንውሰድ፣ በእኛ ሰበብ ሽማግሌው ይሙቱ?» ያለች አንዲት ሴት ነበረች። እትዬ አስካለ «የደፈኑት ሰው ሳይመጡ ከፍተሽ፣ ሲመለሱ በምን ዓይንሽ ልታያቸው?» አሏት። ሴትዮዋም ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ የአያቴን ጋቢ ነፋስ እንዳይወስደው ዳርና ዳሩን በድንጋይ እያስያዝኩ እጠብቅ ነበር።

ከኮረብታው ማዶ የሎሚው ችግኝ ቅጠሉ መጠቅለል መጀመሩን ሰማን። የእርሻው ኃላፊ ወደ ወረዳው መመላለሱን ሰማን። ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የመኪና ድምፅ መጣ፤ ሁላችንም ተነሥተን ቆምን። መኪናው አጠገባችን ሲደርስ ከኋላ ላይ ሚሊሺያ ብቻ ነው ያለው። ያኔ የፊቱ በር ተከፈተ። አያቴ ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ነው የመጡት! ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው፣ እንደ ሹም።

ደረጄ ከኋላቸው ወረደ፤ እጁ ላይ የቧንቧ መጋጠሚያ ይዟል። ቧንቧው አጥራችን ጋ ተቆርጦ ቦኖ ሊገባለት ነው፤ በየቀኑ የመንደሩ ተራ እስኪሞላ ለሰው፣ ከዚያ ለችግኙ። ጓድ ታምሩ ይኼ ቦኖ ከጥንት ጀምሮ በፕላኑ ውስጥ እንደነበረ ረጅም ንግግር አደረገ። አጨበጨብን። ለማን እንደምናጨበጭብ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

አያቴ «ቢስሚላህ» ብለው የራሳቸውን ጋቢ አነሡ። ከዚያ በኋላ ነው ሴቶቹ የየራሳቸውን ያነሡት። ሞተሩ እምምም አለ።

ቦኖው በተከፈተ ቀን መንደሩ በሙሉ ወጣ። አያቴ ዱላቸውን ተከሉና ጥላውን መለካት ጀመሩ። እኔ እንደሚገባን ቆጥሬ የቤታችንን ቆርቆሮ ከሰልፉ ፊት አስቀመጥኩ። አያቴ መጥተው አነሡና ከሰልፉ መጨረሻ ወስደው አኖሩት። «የውኃ አባት ቤት የሚቀዳው በመጨረሻ ነው» አሉ። ደሜ ፈላ። የታሰርነው እኛ አይደለን?

ሰው እየቀዳ ይሄዳል። ያ ድንጋይ ስወረውርበት የኖርኩት ልጅ ሁሉ ቀዳ። የመሐመድ ሚስት ቀዳች። ልብሳችንን እንውሰድ ያለችውም ሴት ቀዳች፤ አያቴ ለእሷም እንደ ሌላው ለክተው ሰጧት። ፀሐይ ወደ አንኮበር ተራራ አዘቀዘቀች፤ ሞተሩ ደከመው፤ ውኃው ቀጠነ። የእኛ ቆርቆሮ ተራ ሲደርስ ቦኖው ጥቂት ጠብ ጠብ አደረገና ቆመ።

ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ያን ሳምንት ሁሉ ያጠራቀምኩት ነው የወጣው።

አያቴ ዱላቸውን ነቀሉ። «ፋጤ፣ ምን ሆነሽ ነው? እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ ማለት እኮ ሰው ሁሉ ጠጣ ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ!»

ከዚያ ቆርቆሯችንን ትከሻቸው ላይ አደረጉና በአጥሩ ሥር ያለውን አቋራጭ ትተው፣ በመንደሩ መሀል፣ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ እያየ፣ ቀና ብለው ሄዱ። እኔም እንባዬን ጠርጌ ከኋላቸው ቀና አልኩ። ባዶ ቆርቆሮ እንደዚያ ኮርቶ የሚሸከም ሰው ከእሳቸው በፊትም በኋላም አላየሁም።